አንድ ጋብቻ፥ ስንት ሕግ?

«በሕግ አምላክ!» ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል ይሉ ነበር አባቶቻችን። በገበያ መካከል የተጣሉ ሰዎች፥ ዱላ ያነሣ ባለጋራ፥ ድንበር የሚገፋ ጎረቤት፥ ሁሉም ይህን ቃል በሰሙ ጊዜ ባሉበት መቆም ግዴታቸው ነበረ። ቃሉን የተናገረውንም ሰው «የትኛውን ሕግ ማለትህ ነው?» ብሎ የሚጠይቀው አልነበረም። ዛሬ ግን አንድ የቤተሰብ አባት ወይም አንዲት የቤት እመቤት ሕግን በጠራች ጊዜ፥ «የትኛው ሕግ? የፌዴራሉ ነው ወይስ የክልሉ?» የሚለው ጥያቄ ተከትሎ መምጣቱ አይቀርም።

ይህ ጥያቄ ለዳኞችና ለጠበቆች ብቻ የተተወ እንዳይመስለን። ልጃቸውን ለመዳር የሚያስቡ ወላጆች፥ ሰማንያ ለመፈራረም ቀን የቈረጡ እጮኞች፥ ባሏ የሞተባት ሴት፥ የእርሻ መሬታቸውን ለልጆቻቸው ለማስተላለፍ የሚሹ አረጋውያን፥ ሁሉም በዚህ ጥያቄ በር ያልፋሉ። ስለዚህ የፌዴራሉ መንግሥትና የክልሎች ሥልጣን በአንድ ቤተሰብ ኑሮ ላይ እንዴት እንደሚገናኝ፥ የከሚሴን ከተማና በአማራ ክልል የሚገኘውን የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ምሳሌ አድርገን ለአንባቢዎቻችን ለማስረዳት እንሞክራለን።

በአንድ መንገድ ላይ ያሉ ሕጎች

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴ መንገድ የሚጓዝ ሰው ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ሄዶ ከሚሴ ይደርሳል። ይህ መንገደኛ በመስኮት የሚያየው የጤፍ ማሳውን፥ የጣርማ በርን ገደልና ወደ ቆላው ሲወርድ የሚለዋወጠውን የአገር መልክ ነው። የማያየው ነገር ቢኖር ግን የቤተሰብ ሕጉም ከአገሩ ጋር አብሮ መለዋወጡን ነው።

በአዲስ አበባ ሳለ በፌዴራሉ ሕግ አውጪ ምክር ቤት በ1992 ዓ.ም. በወጣው በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፥ በአዋጅ ቁጥር 213 ሥር ነበረ። ከከተማው ወጥቶ ሰንዳፋንና ሸኖን ሲያልፍ የኦሮሚያ ክልል በ1995 ዓ.ም. ባወጣው የቤተሰብ ሕግ አገር ውስጥ ይገኛል። ደብረ ብርሃን ሲደርስ ደግሞ የአማራ ክልል በዚያው በ1995 ዓ.ም. ባወጣው የቤተሰብ ሕግ፥ በአዋጅ ቁጥር 79 ግዛት ገብቷል፤ ደብረ ሲናን፥ ሸዋ ሮቢትን፥ አጣዬንና ሰንበቴን አልፎ ከሚሴ እስኪደርስም ከዚህ ሕግ አይወጣም። ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ ቢወርድ ግን አፋር ክልል ይገባል። አፋር ደግሞ የፌዴራሉ ሕግ ከወጣ በኋላ ለብዙ ዓመታት የራሱን የቤተሰብ ሕግ ሳያወጣ የቆየ ክልል ነው፤ በዚያ በጽሑፍ የሚጠቀሰው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲሆን፥ በኑሮ የሚሠራበት ግን ይበልጡን ሸሪዓውና የአገሩ ልማድ ነበረ።

እነሆ፥ መንገዱ አንድ ነው፤ መንገደኛውም ያው አንዱ ሰው ነው። ነገር ግን ያገባውን፥ የወለደውንና ያፈራውን የሚመለከተው ሕግ እንደ ደረሰበት ቦታ ስሙን ለውጧል።

ይህን ነገር ከሁሉ ይልቅ አጉልቶ የሚያሳየን የከሚሴ ምሳሌ ነው። ከሚሴ የዞኑ ዋና ከተማ ናት። ዞኑም ዳዋ ጨፋን፥ አርጡማ ፉርሲን፥ ጅሌ ጥሙጋን፥ ደዌ ሐረዋንና ባቲን በሥሩ ይዟል። የቦርከና ወንዝ ጨፋን አረስርሶ የሚያልፍበት፥ አራሹና ከብት አርቢው የሚገናኙበት አገር ነው። በባቲ ሰኞ ሰኞ በሚቆመው በስመ ጥሩ ገበያ አፋሩ፥ ኦሮሞውና አማራው እህሉንና ከብቱን ይለዋወጣሉ። ከሕዝቡ የሚበዛው አፋን ኦሮሞ የሚናገርና እስልምናን የሚከተል ሲሆን፥ ኦርቶዶክሳውያን ቤተሰቦችም ከጥንት ጀምሮ በዚያ ይኖራሉ።

ብዙ ሰው፥ አንዳንዴም የተማረው ሳይቀር፥ «ከሚሴ የኦሮሞ ዞን ስለ ሆነች የኦሮሚያ ሕግ ይመራታል» ብሎ ያስባል። ይህ ስሕተት ነው። ዞኑ የሚገኘው በአማራ ክልል ውስጥ ስለ ሆነ የቤተሰብ ሕጉ የአማራ ክልል ሕግ ነው። የቤተሰብ ሕግ የሚከተለው ክልሉን እንጂ ቋንቋውን ወይም የዘር ሐረጉን አይደለም። የሰንዳፋው ኦሮሞና የከሚሴው ኦሮሞ በአንድ ቋንቋ ልጃቸውን ቢመርቁም፥ ልጂቱ የምትዳርበት የጽሑፍ ሕግ ግን ሁለት ነው። የከሚሴው ኦሮሞና የደብረ ብርሃኑ አማራ ደግሞ በቋንቋ ቢለያዩም በአንድ ሕግ ይዳኛሉ።

ሥልጣኑ እንዴት ተከፈለ?

ነገሩ እንዴት እዚህ እንደ ደረሰ ለማወቅ ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያሻል። ቀድሞ ክርስቲያኑ በፍትሐ ነገሥትና በአገር ልማድ፥ ሙስሊሙ በሸሪዓ፥ ሌላውም በየአባቶቹ ሥርዓት ይጋባና ይፋታ ነበር። መንግሥትም በ1936 ዓ.ም. የቃዲዎችንና የናኢባዎችን ጉባኤ በአዋጅ አውቆ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲታወጅ ግን ዓላማው ለመላው ኢትዮጵያ አንድ ሕግ ማድረግ ነበረ፤ በመጨረሻዎቹ አንቀጾቹም በሕጉ የተሸፈነውን የልማድ ሥርዓት ሁሉ ሽሯል። ያ ሕግ ከማዕከል የተሰጠ አንድ ሕግ ስለ ሆነ በአዲስ አበባና በወሎ ጠቅላይ ግዛት መካከል ልዩነት አላደረገም። ሆኖም ባልን የቤተሰብ አለቃ አድርጎ የሾመ፥ ለወንድ 18 ዓመት፥ ለሴት ግን 15 ዓመት የጋብቻ ዕድሜ የወሰነ ሕግ ነበረ። እንግዲህ ሕግ አንድ በመሆኑ ብቻ መልካም እንደማይሆን ከዚህ እንማራለን።

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀውና በዚያው ዓመት ነሐሴ 15 ቀን ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ይህን አሠራር ለወጠው። ለፌዴራሉ መንግሥት የተሰጡትን ሥልጣኖች አንድ በአንድ ዘረዘረ፤ መከላከያን፥ የውጭ ጉዳይን፥ ገንዘብን፥ የወንጀል ሕግን፥ የንግድ ሕግን፥ የሠራተኛ ጉዳይ ሕግን የመሳሰሉትን ማለት ነው። ከዚያም በአንቀጽ 52፥ ለፌዴራሉ ለብቻው ወይም ለሁለቱም በጋራ ያልተሰጠው ሥልጣን የክልሎች እንደሚሆን ደነገገ። ቤተሰብ በፌዴራሉ ዝርዝር ውስጥ አልተጻፈም፤ ስለዚህ የክልል ሆነ። አንድ የኢኮኖሚ ማኅበረሰብ ለመፍጠር አስፈላጊ ነው ተብሎ በፌዴሬሽን ምክር ቤት ካልታመነበት በቀር፥ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ በፌዴራል ሕግ አይወሰንም። የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ በአዲስ አበባና በድሬ ዳዋ ብቻ የተወሰነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሆኖም ሕገ መንግሥቱ ክልሎችን እንደ ፈቃዳቸው ብቻ እንዲሄዱ አልለቀቃቸውም። በአንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነጻና ሙሉ ፈቃድ ብቻ እንዲመሠረት፥ ባልና ሚስትም በጋብቻ አፈጻጸም፥ በጋብቻው ዘመንና በፍቺ ጊዜ እኩል መብት እንዲኖራቸው አዝዟል። በአንቀጽ 35 ሴቶችን የሚጎዱ ልማዶችን ከልክሏል፤ በአንቀጽ 36 ለሕፃናት ጥበቃ ሰጥቷል። የትኛውም ክልል ከዚህ በታች ወርዶ ሕግ ሊያወጣ አይችልም።

ነገሩን በቤት ምሳሌ ብናየው፥ የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት መሠረቱ ነው፤ የክልሉ ሕግ ግድግዳውና ጣራው ነው፤ ዞኑ ደግሞ የበሩ ጠባቂ ነው። በ1994 ዓ.ም. የተሻሻለው የአማራ ክልል ሕገ መንግሥት ለሦስት ብሔረሰቦች፥ ማለት ለአዊ፥ ለዋግ ኽምራና ለኦሮሞ፥ የራሳቸው ምክር ቤት ያለው የብሔረሰብ አስተዳደር ሰጥቷቸዋል። የከሚሴው ምክር ቤት የአስተዳደሩን የሥራ ቋንቋ የመወሰን ሥልጣን አለው፤ በዚህም መሠረት በዞኑ መሥሪያ ቤቶችና በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በቁቤ የሚጻፈው አፋን ኦሮሞ ይሠራበታል። ቤተሰብን የሚመለከተውን ሕግ የሚያወጣው ግን ባሕር ዳር ያለው የክልሉ ምክር ቤት ነው። ሕጉ ከባሕር ዳር ይመጣል፤ በሩ ላይ የሚነገርበት ቋንቋ ግን የከሚሴ ነው።

የአሥራ አምስት ዓመቷ ልጅ

አሁን ወደ ነገሩ ልብ እንግባ። ይህ የሥልጣን ክፍፍል በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላደከምናችሁ ነበር። ነገር ግን በክፍፍሉ መካከል የአንዲት ልጅ ዕድሜ ቆሟል።

የፌዴራሉ ሕግ በ1992 ዓ.ም. የጋብቻን ዕድሜ ለወንድም ለሴትም 18 ዓመት ሲያደርግ፥ የአዲስ አበባዋ ልጅ ወዲያውኑ ጥላ አገኘች። የከሚሴዋ ልጅ ግን የክልሏ ሕግ እስኪወጣ ድረስ ሦስት ዓመት መጠበቅ ነበረባት። እስከ 1995 ዓ.ም. ድረስ በእርሷ ላይ በጽሑፍ ጸንቶ የቆየው ለሴት ልጅ 15 ዓመት ይበቃል የሚለው የ1952ቱ ሕግ ነበር። ሦስት ዓመት ለሕግ አውጪ አጭር ጊዜ ሊመስል ይችላል፤ በ15 እና በ18 ዓመት መካከል ላለች ልጅ ግን ያ ሦስት ዓመት ትምህርቷም፥ ጤናዋም፥ ዕድሏም ነው። የራሱን ሕግ ሳያወጣ በቆየ ክልል የምትኖር ልጅማ ከዚያም በላይ ጠበቀች።

«የወንጀል ሕጉ የፌዴራል አይደለምን? እርሱ ለምን ሁሉን በእኩል አልጠበቀም?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 648 ያለ ዕድሜ ጋብቻን ወንጀል አድርጎ፥ ልጂቱ 13 ዓመት የሞላት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነች እስከ ሦስት ዓመት፥ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች ደግሞ እስከ ሰባት ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ደንግጓል። ነገር ግን አንቀጹ በጥንቃቄ ሲነበብ፥ ቅጣቱ የሚመጣው አግባብ ያለው የቤተሰብ ሕግ ከሚፈቅደው ውጪ ለአካለ መጠን ካልደረሰች ልጅ ጋር ጋብቻ በፈጸመ ሰው ላይ ነው። እንግዲህ የፌዴራሉ ወንጀል ሕግ ቅጣቱን ይዞ ይቆማል፤ የተፈቀደውንና የተከለከለውን ለመለየት ግን ዞሮ የክልሉን የቤተሰብ ሕግ ይመለከታል። አንዱ ያለ ሌላው ሙሉ አይደለም። ክልሉ ሕጉን ካዘገየ የፌዴራሉ ክንድም አብሮ ይዝላል።

የአማራ ክልል በሕዝብና በጤና ጥናቶች በተደጋጋሚ እንደ ታየው፥ ሴቶች ልጆች በለጋ ዕድሜ ከሚዳሩባቸው የአገራችን ክፍሎች አንዱ ሆኖ ቆይቷል። ይህ በክርስቲያኑም ቤት በሙስሊሙም ቤት ያለ ነገር ነው፤ ስለዚህ አንዱ በሌላው ላይ ጣቱን ሊቀስር አይገባም። ዛሬ በአዲስ አበባ፥ በኦሮሚያና በአማራ ሕጎች ዕድሜው 18 ሆኖ በአንድ መስመር ቆሟል። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ሕጎቹ በተለያዩ ምክር ቤቶች ተጽፈው ሳለ በዋናው ነገር የተስማሙት፥ ሁሉም በአንዱ መሠረት ላይ ስለ ታነጹ ነው።

የፍርድ ቤት በሮች

ሁለተኛው ነገር ዳኝነት ነው። የከሚሴ ቤተሰብ ክርክር ቢገጥመው የሚያንኳኳው በመጀመሪያ የወረዳውን ፍርድ ቤት ነው፤ ከዚያ በዞኑ ያለውን ከፍተኛ ፍርድ ቤት፥ ከዚያም የክልሉን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። መሠረታዊ የሕግ ስሕተት አለ ከተባለም ነገሩ እስከ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ሊደርስ ይችላል። በ1997 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ፥ ይህ ሰበር ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጓሜ በክልል ፍርድ ቤቶችም ላይ አስገዳጅ እንዲሆን ተደርጓል። ሕጎቹ በየክልሉ ቢለያዩም ትርጓሜያቸው እጅግ እንዳይራራቅ የሚይዘው ገመድ ይህ ነው።

እዚህ ላይ ቋንቋ የሚያመጣውን ድካም ማሰብ ይገባል። በዞኑ በአፋን ኦሮሞ የተጻፈ መዝገብ ወደ ክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲወጣ፥ የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ስለ ሆነ መተርጐሙ የግድ ነው። አፋን ኦሮሞ የማታውቅ የከሚሴ ሴት በመጀመሪያው በር ላይ፥ አማርኛ የማታውቅ ጎረቤቷም በላይኛው በር ላይ በአንድ ዐይነት ጭንቅ ይቆማሉ። ሕገ መንግሥቱ በወንጀል ለተከሰሰ ሰው በማይገባው ቋንቋ ሲዳኝ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲቆምለት አዝዟል። በቤተሰብ ክርክር ግን ባለጉዳዩ ራሱ ገና ከመጀመሪያው «ቋንቋው አልገባኝም» ብሎ ለዳኛው መንገር ይኖርበታል፤ በአፍረት ዝም ያለ ሰው ያልሰማውን ቃል እንደ ሰማ ተቆጥሮ ሊፈረድበት ይችላልና።

ከመደበኛው ፍርድ ቤት ጎን የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም አሉ፤ በፌዴራል ደረጃ በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 188 ተጠናክረዋል፤ ክልሎችም የየራሳቸው አሏቸው። ሕገ መንግሥቱ በግልና በቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ መዳኘትን የሚፈቅደው ግን ተከራካሪዎቹ ሁሉ ከፈቀዱ ብቻ ነው። ይህ ቃል ባዶ አለመሆኑን ያሳየ አንድ ታዋቂ ጉዳይ አለ። በአዲስ አበባ አንዲት ሙስሊም ሴት በቤት ውርስ ክርክር ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ተጠርታ፥ በዚያ መዳኘት እንደማትፈቅድ በጽሑፍ ተቃወመች። ተቃውሞዋ ሳይሰማ ቀርቶ ተፈረደባት፤ እስከ ሰበር ችሎት ብትደርስም አልተሳካላትም። በመጨረሻ ጉዳዩ ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ቀርቦ፥ ምክር ቤቱ በ1996 ዓ.ም. ያለ ፈቃዷ የተሰጠው ውሳኔ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይቃረናል ሲል ሻረው። አንዲት ሴት «አልፈቀድሁም» ባለችው ቃል ጸንታ ከታች እስከ ላይ ያሉትን በሮች ሁሉ አንኳኳች፤ መሠረቱም አልከዳትም።

ለእኛም ለኦርቶዶክሳውያን ቤተሰቦች በዚህ ውስጥ ትምህርት አለን። በተክሊልና በቁርባን የተፈጸመ ጋብቻ በመንግሥት ሕግ ፊት እንደ ሃይማኖታዊ ጋብቻ የታወቀ ነው። ነገር ግን ንብረትን፥ የልጆችን ቀለብና ፍቺን የሚመለከተው ክርክር የሚታየው በመንግሥቱ ሕግ ነው። በ1952ቱ ሕግ የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ፍቺን ይወስኑ ነበር። በ1992ቱ የፌዴራል ሕግ ግን ሽማግሌ የማስታረቅ ሥራ ብቻ ተሰጥቶት ፍቺን የመወሰን ሥልጣን የፍርድ ቤት ሆኗል። ዛሬም በየመንደሩ «ሽማግሌ ፈትቶናል» ብለው ንብረት ተካፍለው የሚለያዩ፥ ከዓመታት በኋላም ጋብቻው አልፈረሰም ተብለው የሚደነግጡ ሰዎች አይጠፉም።

መሬትና መዝገብ

ሦስተኛው ነገር የገጠሩ ቤተሰብ ሀብት የሆነው መሬት ነው። የመሬት አጠቃቀም ሕግን የሚያወጣው ፌዴራሉ ሲሆን፥ መሬትን የሚያስተዳድረው ክልሉ ነው። ፌዴራሉ በ1997 ዓ.ም. ያወጣውን የገጠር መሬት አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በአዲስ ተክቶታል፤ የአማራ ክልልም በ1998 ዓ.ም. ያወጣውን በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 252 ለውጦታል። በክልሉ የሚሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር የባልና የሚስትን ስምና ፎቶግራፍ አብሮ እንዲይዝ መደረጉ ለብዙ ሴቶች መከታ ሆኗል። ባል ሲሞት ወይም ትዳር ሲፈርስ፥ ሴቲቱ «ይህ የእኔም ነው» ለማለት ምስክር ፍለጋ አትባዝንም፤ ደብተሩ ይናገርላታልና። ነገር ግን ድንበር ተሻግራ የተዳረች ሴት የሌላው ክልል ደብተርና አሠራር ምን እንደሚል አስቀድማ መጠየቅ አለባት።

ከዚህም ጋር የልደት፥ የጋብቻ፥ የፍቺና የሞት ምዝገባ አለ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል አዋጅ ለመላው አገር አንድ ዐይነት መዝገብ አቆመ፤ ልደት በ90 ቀን፥ ጋብቻ፥ ፍቺና ሞት ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገቡ ወሰነ። ምዝገባውም በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በየቀበሌው ተጀመረ። እዚህ ላይ ፌዴራሉ ደንቡን ይሰጣል፤ ክልሉ ሠራተኛውን ያቆማል፤ መዝገቡን የሚሞላው ግን በቀበሌው ጠረጴዛ የተቀመጠው አንድ ሰው ነው። እርሱ በሌለበት ቀን ያ ሁሉ አዋጅ በሩ ተዘግቶ ይውላል።

በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢዋ በደረሰው ግጭት ብዙ ቤት ሲቃጠል፥ ከቤቱ ጋር የሚጠፋው የቤት ዕቃ ብቻ እንዳልሆነ ማስታወስ ይገባል። የይዞታ ደብተር፥ የጋብቻ ወረቀት፥ የክርስትና ካርድ አብረው ይጠፋሉ። ሰላም በሌለበት የፌዴራሉም የክልሉም ሕግ ለተፈናቀለ ቤተሰብ እኩል ይርቀዋል።

በሌሎች አገሮችስ?

ይህ ነገር በአገራችን ብቻ ያለ አይደለም። በስዊስ አገር እያንዳንዱ ግዛት የየራሱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነበረው፤ አንድ የጋራ ሕግ ሥራ ላይ የዋለው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1912 ዓ.ም. ነው። በካናዳ የፍቺን ሕግ የሚያወጣው ማዕከላዊው መንግሥት ሲሆን የጋብቻን አፈጻጸም ሥርዓት የሚወስኑት ክፍለ ሀገሮቹ ናቸው። በአሜሪካም የጋብቻን ዕድሜ የሚወስነው እያንዳንዱ ግዛት ነው፤ ከ18 ዓመት በታች ያለውን ጋብቻ ያለ ምንም ልዩነት በመከልከል የመጀመሪያው የደላዌር ግዛት ሲሆን፥ ይህን ያደረገው እንደ እነርሱ አቆጣጠር ገና በ2018 ዓ.ም. ነው። በሀብትና በትምህርት የገፋው አገር እንኳ ለልጆቹ አንድ ጥላ ለመዘርጋት ምን ያህል እንደ ዘገየ ከዚህ እናያለን።

እንግዲህ የሕጎች መለያየት በራሱ ክፉ አይደለም። የከሚሴ እናት የልጇን ትምህርትና የራሷን ክርክር በአፏ በፈታችበት ቋንቋ መስማቷ መልካም ነው፤ ይህንንም ያገኘችው ሥልጣን ከማዕከል ወደ ታች ስለ ተከፈለ ነው። ክፉው ነገር፥ በልዩነቱ ስም ደካማው ሰው ከመሠረቱ በታች ሲወርድና የሚታደገው ሲያጣ ነው። ቋንቋ፥ የመዝገብ አያያዝና የአስተዳደር ልማድ እንደ አገሩ ቢለያይ ማንም አይጎዳም። የልጅ ዕድሜ፥ የተጋቢዎች ፈቃድና የባልና ሚስት እኩልነት ግን በጣርማ በር ላይና በባቲ ሜዳ ሁለት ሊሆኑ አይገባም።

ቤተሰብ ምን ያድርግ?

ሕግ ያላወቁትን አያድንምና፥ የሚከተሉትን ለቤተሰቦች ሁሉ እንመክራለን።

አስቀድሞ፥ የልጅን ልደት በጊዜው ማስመዝገብ ይገባል። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ወንድ በ40 ቀኑ፥ ሴት በ80 ቀኗ ክርስትና ስለሚነሡ፥ የክርስትናው ቀን የታወቀ ከሆነ የልደቱን ቀን ማወቅ አያስቸግርም። የክርስትና ካርድን በጥንቃቄ መያዝ የልጅን ዕድሜ ለማስረዳት ትልቅ እርዳታ ነው። «ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» እንደ ተባለው፥ የልጂቱን ዕድሜ ድንኳን ከተተከለ በኋላ መፈለግ ራስን ለክርክር፥ ልጅንም ለጉዳት አሳልፎ መስጠት ነው።

ሁለተኛ፥ በቤተ ክርስቲያን የተፈጸመውን ጋብቻ በቀበሌ መዝገብ ማስገባት ነው። አለመመዝገቡ ጋብቻውን ባያፈርሰውም፥ ማስረጃ ባስፈለገ ቀን ነገሩን ያከብደዋል።

ሦስተኛ፥ በይዞታ ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ስም መኖሩን ተመልክቶ ማረጋገጥ፥ የሰነዶቹንም ግልባጭ ከቤት ውጪ በታመነ ዘመድ ዘንድ ማስቀመጥ ነው።

አራተኛ፥ ልጅ ከክልል ወደ ክልል ሲዳር፥ ወይም ቤተሰብ ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ፥ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን ሲዛወር፥ «እዚህ የሚሠራው ሕግ የማን ነው? በየትኛው ቋንቋ ይነገራል?» ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ነው። መጠየቅ አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረውስ ሳይጠይቁ ፈርሞ ኋላ ማልቀስ ነው።

አባቶቻችን «በሕግ አምላክ» ሲሉ ሕጉን ከሰጠው ሰው ይልቅ የፍትሕን ባለቤት ይጠሩ ነበር። ዛሬም አዋጁ ከአዲስ አበባ ይምጣ ከባሕር ዳር፥ በአማርኛ ይነበብ በአፋን ኦሮሞ፥ የሚመዘነው በአንድ ሚዛን ነው፤ ይኸውም ለመከላከል አቅም የሌላትን ልጅ ጠብቋታል ወይስ አልጠበቃትም የሚለው ነው። ምክር ቤቶች ሥልጣናቸውን ይከፋፈሉ፤ ልጂቱ ግን የምትኖረው በአንድ ቤት ነው፤ የዚያም ቤት የመጀመሪያ ዳኞች ወላጆቿ ናቸው። ሕጉ በየትኛውም በር ቢገባ፥ ከውስጥ የሚቀበለው ሰው ካላገኘ ደጅ መቅረቱን አንርሳ።